ደብረ ሊባኖስን በአንድ ቀን መሳለም፦ ከሱሉልታ ሰው የተጻፈ የጉዞ መመሪያ

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ፣ ከእንጦጦ ጀርባ። የጎጃም መንገድ በደጃችን ያልፋል። ስለዚህ ከከተማም ይምጣ ከባሕር ማዶ፣ «ደብረ ሊባኖስ አድርሰኝ» የሚል ዘመድ ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው። ስንቱን እንዳደረስኩ አልቆጠርኩም። ሕንፃ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ሊመለስ የሄደ ሰው ሁለት ሰዓት ሳይሞላው «ጨረስን፣ እንሂድ» ይላል። ደጅ ሊጠና የሄደ ግን፣ ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆን እንኳ፣ ማታ ሲመለስ ዝም ብሎ መስኮት መስኮቱን ያያል። ገዳም ሰው የሚኖርበት ቤት ነው፤ እናንተም የምትሄዱት ሰው ቤት ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች የጻፍኩት ይህን ይዤ ነው።

1. ቀኑን ምረጡ

በመጀመሪያ «የምሄደው ለበዓል ነው ወይስ ቦታውን ለማየት?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ሁለቱ በአንድ ቀን አይሆኑም። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወርኃዊ በዓል በየወሩ በ24 ነው። ከዓመቱ ደግሞ ታኅሣሥ 24 ልደታቸው፣ ጥር 24 እግራቸው የተሰበረበት፣ ግንቦት 12 ዐፅማቸው የፈለሰበት፣ ነሐሴ 24 ያረፉበት ነው። በእነዚህ ቀናት ሕዝቡ ከየአገሩ ስለሚመጣ ሌሊቱን ማኅሌት፣ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከዚያም ታቦት ማንገሥ ነው። ማየት ለሚሻ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ግን መተላለፊያ የለም፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የጸለዩበት ዋሻ ድረስ መውጣትም ከባድ ነው፣ የሚያስረዳችሁ አባትም ጊዜ አያገኝም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ የምመክራችሁ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ነው፣ በጾም ወቅት ካልሆነ። በጾም ቀናት ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ልክ እናንተ ልትመለሱ ስትሉ ቤተ ክርስቲያኑ በአገልግሎት ይያዛል። ወራቱን በተመለከተ፣ መስከረም አጋማሽ ካለፈ እስከ ኅዳር ያለውን የሚያህል የለም፤ ሜዳው አደይ አበባ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጭጋጉ ገደሉን ይውጠዋል።

2. ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን መንገዱን ጠይቁ

ይህን በሰፊው አልጽፍም፤ ግን እንዳትዘልሉት። የሰሜን ሸዋ መንገድ ያለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር የነካው መንገድ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ምሽት በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌር ወይም እዚያ የሚኖር ሰው ጠይቁ፤ «ዛሬ እንዴት ዋለ?» ብላችሁ። መልሱ ካላማራችሁ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አድርጉት፤ ለዚያ ቀን የሚሆን ሌላ አሳብ ወደ መጨረሻው አካባቢ ጽፌላችኋለሁ። መንገዱ ደህና ቢሆንም በሌሊት አትነሱ፣ በጨለማም አትመለሱ።

3. ልብሱን ማታ አዘጋጁ

ሴቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪና ነጠላ ወይም ጋቢ። ሱሪ የለበሰች ሴት፣ ቁምጣ የለበሰ ወንድ ከደጁ ይመለሳል። ይህን የማውቀው በመከራ ነው። ብዙ ዓመት ውጭ የኖረች የአክስቴን ልጅ ይዤ ስሄድ ስለ ልብስ አልነገርኳትም ነበር። በሩ ላይ የቆሙት «እህታችን፣ በሱሪ አይገባም» ሲሏት ፊቷ ተለወጠ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አጠገባችን በግንቡ ጥላ የተቀመጡ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ምንም ሳይናገሩ ብድግ አሉና በላይ የደረቡትን ነጠላ አውልቀው ከወገቧ በታች አሸረጧት፤ ጫፉን ሁለት ጊዜ ቋጠሩና በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው «አሁን ግቢ ልጄ» አሏት። ስንወጣ ልንመልስላቸው ፈለግናቸው፣ አጣናቸው። ነጠላው እስከ ዛሬ የአክስቴ ልጅ ዘንድ አለ። ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ውስጥ ሁለት ትርፍ ነጠላ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም፤ እናንተም አንድ ትርፍ ያዙ።

ነጠላ ገና ካልገዛችሁ፣ ሽሮ ሜዳ፣ በእንጦጦ ግርጌ ያለውን የሸማኔዎች ገበያ እዩ። ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነው ጥለቱ ጠበብ ያለው፣ ነጩ የሚበዛው ነው።

ጫማ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን፤ ቤተ ክርስቲያንም ዋሻም ስትገቡ ታወልቃላችሁ። ካልሲ ወፍራም ይሁን፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል።

ሌላው የምትይዙት ዝርዝር ብር ነው፤ በደጁ ነዳያን ይሰለፋሉ፣ ባለ መቶ ይዞ መልስ መጠየቅ ደግሞ አይሆንም። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ባዶ ሃይላንድ ለጸበል። ጸበል ልትጠጡ ወይም ልትጠመቁ ካሰባችሁ ቁርስ አትብሉ፤ በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው።

4. መንገዱ

ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ከአዲሱ ገበያ ወጥታችሁ የእንጦጦን ሰንሰለት ስትሻገሩ ባሕር ዛፉ ያልቅና የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል፤ ያ የእኛ ሰፈር ነው። ከዚያ ጫንጮ፣ ዱበር፣ ሙከ ጡሪ፣ ደብረ ጽጌ እያላችሁ ትቀጥላላችሁ። ፍቼ ከመድረሳችሁ በፊት በቀኝ በኩል ወደ ገዳሙ የሚወስደው መገንጠያ አለ። ከዚያ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ነው።

የራሳችሁ መኪና ከሌላችሁ ወደ ፍቼና ወደ ጎሃ ጽዮን የሚሄድ መኪና ሁሉ በዚህ መገንጠያ ያልፋል። «ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ወራጅ አለ» ብላችሁ ረዳቱን አስቀድማችሁ አስታውሱት። ከመገንጠያው ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ካላገኛችሁ በእግርም ይወረዳል፤ ስትመለሱ ግን ያው መንገድ ዳገት መሆኑን አስቡ።

ቁልቁለቱን ስትጀምሩ መኪናውን አስቁሙና ውረዱ። ሜዳው በአንድ ጊዜ ይቆረጥና ምድሪቱ ወደ ጀማ ወንዝ ተፋሰስ ትወርዳለች፤ ጀማም ዓባይን ይቀላቀላል። ገዳሙ በዚህ ገደል ወገብ ላይ፣ ከኋላው ቋጥኝ ከፊቱ ሸለቆ አድርጎ ተቀምጧል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይህን ቦታ ለምን እንደመረጡ ሰው ሳይነግራችሁ የሚገባችሁ እዚያ ስትቆሙ ነው።

5. ከመድረሳችሁ በፊት ይህን ያህል እወቁ

ገዳሙን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የመጀመሪያ ስሙ ደብረ አስቦ ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያሉት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ሥዕላቸውን በየቤተ ክርስቲያኑ አይታችኋል፦ ስድስት ክንፍ፣ ከሥራቸው የተሰበረች እግር። ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተሰብሮ ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው እንደጸለዩ ገድላቸው ይናገራል።

የገዳሙ አለቃ እጨጌ ይባል ነበር። ጳጳሱ ከግብፅ ይመጣ በነበረበት በዚያ ረጅም ዘመን ከኢትዮጵያውያን አባቶች ትልቁ እጨጌው ነበር። የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. ከመሾማቸው በፊት እጨጌ ነበሩ። ዛሬም የፓትርያርኩ ማዕርግ ሲጠራ «ወእጨጌ ዘመንበረ ተክለ ሃይማኖት» ይባላል። ዜና ላይ ስንት ጊዜ ሰምታችሁታል፤ ያ መንበር ይህ ነው።

አሁን የምታዩት ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ግን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1950ዎቹ የተሠራ ነው። «ጥንታዊ ነው ብላችሁኝ ይኼ አዲስ ነው» ብሎ ቅር ያለው እንግዳ አጋጥሞኛል። ጥንታዊው ቦታውና ሥርዓቱ ነው። በ1523 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ጦርነት ተቃጥሏል፤ ተመልሶ ቆሟል።

ከሁሉም በላይ 1929 ዓ.ም.ን ሳታውቁ አትግቡ። የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በፋሺስት ጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ ግራዚያኒ መነኮሳቱ ተባባሪ ናቸው ብሎ ወነጀለ። ለቅጣቱ የተመረጠው የግንቦት 12 በዓል ነበር፤ ሕዝቡና መነኮሳቱ የሚሰበሰቡበትን ቀን ጠብቀው ማለት ነው። የጄኔራል ማሌቲ ጦር ገዳሙን ከበበ። መነኮሳቱን በካሚዮን ጭነው ላጋ ወልዴ ወደሚባል ገለል ያለ ስፍራ ወስደው በመትረየስ ረሸኗቸው። ከዲያቆናቱ ብዙዎቹን ደግሞ ቆይተው ደብረ ብርሃን አካባቢ እንገጫ ላይ ፈጇቸው። ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም ለሮም ያስታወቀው የመነኮሳት ቁጥር 297 ነው። በኋላ የተደረገ ጥናት የሟቾቹን ጠቅላላ ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሰዋል። ግንቦት 12 እዚያ ቆማችሁ ሕዝቡን ስታዩ፣ ያን ቀን የመጣውም ሕዝብ እንዲሁ ነጭ ለብሶ፣ ልጁን አዝሎ፣ ስለቱን ይዞ እንደነበር አስቡ።

6. በደጁ ላይ

ቅጽሩ ጋ ስትደርሱ ድምፃችሁን ዝቅ፣ ስልካችሁን ዝም አድርጉ። አማኝ ከሆናችሁ አማትባችሁ ደጁን ትሳለማላችሁ። ሌላ እምነት ካላችሁ ማንም አያስገድዳችሁም፤ ቆም ብሎ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ቀጥሎ የሚመለከተው ቢሮ ሄዳችሁ የመግቢያውን ክፈሉና ደረሰኝ ተቀበሉ። የውጭ ዜጋ የሚከፍለው ከኢትዮጵያዊ ይለያል። ስለ ካሜራና ስለ ቪዲዮ እዚያው ጠይቁ፤ በኋላ ከመጨቃጨቅ ያድናል። የሚያስረዳ ሰው እንዲመድቡላችሁ ለምኑ። በደጅ «ላስጎብኝህ» ብሎ ከሚከተላችሁ ልጅ ይልቅ በቢሮው በኩል የተመደበ ይሻላል፤ የት እንደሚገባ፣ የት እንደማይገባ ያውቃል።

አነጋገር፦ መነኩሴን «አባ» ወይም «አባታችን»፣ መነኩሲትን «እማሆይ» ትላላችሁ፤ ሁልጊዜም በአንቱታ። ሰላምታው «አባታችን ይፍቱኝ» ነው፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው መስቀል ያሳልሟችኋል። እጅ አትዘርጉላቸው፤ በተለይ ሴቶች። መልስ ካልሰጧችሁ አትቀየሙ፣ በአርምሞ ላይ ያለ አባት ይኖራል። ከኋላ ሮጦ ፎቶ ማንሳት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ፈቃድ ጠይቁ፤ ካልፈቀዱ «ይቅርታ አባታችን» ብሎ ማለፍ ነው።

7. ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ

ጫማችሁን አውልቁ። ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ። ነጠላውን ወንዶቹ መስቀልያ አጣፉ፣ ሴቶቹ ፀጉራችሁን ሸፍኑበት። ወደ መጋረጃው አትጠጉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው መቅደስ ነው፣ ከካህናት በቀር ማንም አይገባበትም። ቅዳሴ እየተቀደሰ ከደረሳችሁ ከኋላ ቆማችሁ አዳምጡ፤ መሐል ላይ አቋርጦ መዞር፣ ማንሾካሾክ፣ ፎቶ ማንሳት የለም። በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት በሥርዓቱ መሠረት ወደ ውስጥ አትገባም፣ ከደጅ ሆና ትሳለማለች፤ አብራችሁ የመጣች እንግዳ ካለች ይህን ቤት ሳላችሁ በጨዋ ቋንቋ ንገሯት።

ከዚያ ሙዚየሙን እዩ። አትቸኩሉ፤ የብራና መጻሕፍቱ ፊት ቆማችሁ ቀዩን ቀለም ተመልከቱ። የሚቀላው የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መጀመሪያ ነው። አብሯችሁ ልጅ ካለ ቀዩን ቃል ፈልጎ እንዲያነብ አድርጉት፤ ሙዚየም የሚሰለቸው ልጅ ሁሉ በዚህ ሲነቃ አይቻለሁ።

8. ዋሻው

አቡነ ተክለ ሃይማኖት የጸለዩበት ዋሻ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ በዳገቱ ነው። ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ከፍታው ለቆላ ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። አረጋዊ ይዛችሁ ከሆነ ዱላና ምርኩዝ የሚሆን ትከሻ አይለያቸው።

ውስጡ ጠባብና ጨለማ ነው። ዓይናችሁ እስኪለምድ ቁሙ። መጀመሪያ የምትሰሙት ውሃውን ነው። ከድንጋዩ ጣሪያ ጠብ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ጠብ። ከሥሩ ዕቃ ተደቅኗል፤ ቋጥኙ በጧፍ ጢስ ጠቁሯል፣ የሰው እጅ የሚደርስበት ቦታ ሁሉ ደግሞ በመሳለም ብዛት ለስልሷል። አንድ ጊዜ ከኋላዬ የቆመ ጎልማሳ ግንባሩን በዚያ በለሰለሰው ድንጋይ ላይ አሳርፎ ረጅም ጊዜ ቆየ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር፤ አንድም ሰው «ቶሎ በል» አላለውም። እናንተም ተራችሁን እንዲህ ጠብቁ።

አባት ካሉ ጸበሉን ይረጩላችኋል። ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሃይላንዱን ለእርሳቸው ስጡ፣ ራሳችሁ አትቅዱ። ስጦታ መስጠት የፈለገ ሰው ሙዳየ ምጽዋት አለ። ጧፍና ዕጣኑንም ለሚያገለግሉት አስረክቡ።

9. ድልድዩና ጭላዳዎቹ

ወደ መገንጠያው ከተመለሳችሁ በኋላ ጊዜ ካላችሁ፣ ሰዉ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚለውን የድንጋይ ድልድይ እዩ። ስሙ ፖርቱጋል ይሁን እንጂ ያሠሩት የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። መንገዱ አጭር ቁልቁለት ነው፤ ለአካባቢው ወጣቶች የሚከፈል ትንሽ ገንዘብ አለ። ዝናብ ከዘነበ ድንጋዩ ያንሸራትታል።

በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይሰማራሉ። ደረታቸው ላይ ቀይ፣ ፀጉር አልባ ምልክት አላቸው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኙም። ሣር ነው የሚበሉት፤ ተቀምጠው በጣቶቻቸው እየነጩ። ሙዝና ብስኩት አትወርውሩላቸው። ቁጭ ብላችሁ ዝም ካላችሁ እነርሱ ራሳቸው ይጠጓችኋል።

10. መንገዱ ካልሆነ

ያ ቀን ሳይመች ቢቀር እንግዳችሁን ቤት አታስቀምጡ። ነጠላውን እንደለበሳችሁ ወደ እንጦጦ ማርያም ውጡ። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡባት ደብር ናት፤ በግቢዋ ያለው ሙዚየም የምኒልክንና የጣይቱን አልባሳት ያሳያል፣ አጠገቧ የጭቃና የእንጨት ቤተ መንግሥታቸው አለ። ሌላው ከየካ ተራራ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ነው፦ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ፣ ጣሪያው ፈርሶ ሰማይ የሚታይበት። ለሁለቱም ከላይ ያልኩት የልብስና የአነጋገር ሥርዓት አንድ ነው። የውጭ እንግዶቼ ላሊበላን ሳያዩ ዋሻ ሚካኤልን ሲያዩ «ከተማው ውስጥ ይህ አለ?» ይሉኛል። የከተማው ልጆችም እንደዚያው።

11. መመለስ

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከገዳሙ ውጡ፣ ከ10 ሰዓት በፊት መገንጠያው ላይ ሁኑ፤ ከዚያ በኋላ ከፍቼ የሚመጡት መኪኖች ሞልተው ነው የሚያልፉት። ርቧችሁ ከሆነ መገንጠያው አካባቢ ምሳ ይገኛል፤ በጾም ቀን ሽሮና በያይነቱ። የጸበሉን ሃይላንድ ክዳን አጥብቃችሁ ዝጉ፣ መሬት ላይ አታስቀምጡት፣ በእቅፋችሁ ያዙት። ሱሉልታ ስትደርሱ ፀሐይ በእንጦጦ ጫፍ ላይ ትሆናለች፤ ቤት ስትገቡ ታማሚ ወይም አረጋዊ ካለ ጸበሉን በማግስቱ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት ስጧቸው።